የተፈጥሮ ቋሚ ቁጥሮች በከዋክብት ብርሃን ሲፈተሹ

ጨንቻ - የተፈጥሮ ሕግጋት የቆሙባቸው መሠረታዊ ቁጥሮች በሁሉም ሥፍራና በሁሉም ዘመን እኩል መሆናቸውን ከከዋክብት በሚመጣ ብርሃን የመፈተሹ ሥራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የምርምር ዘርፍ ነው። በዚህ ዘርፍ ከተደረጉት ጥናቶች መካከል እ.ኤ.አ. በ2022 ፀሐይን በሚመስሉ 17 ከዋክብት ላይ የተካሄደው ጥናት በዓይነቱ ከፍተኛ ጥራት ያለው ውጤት ያስገኘ ሲሆን፣ ለሚዛን፣ ለርዝመትና ለጊዜ መለኪያዎች መሠረት የሆነውን እምነት በአዲስ ማስረጃ አጠናክሯል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቶቹ በተለየ ካልተገለጹ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።)

ክንዱ ቢያጥር በምን ይታወቃል?

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋማ ሥፍራ ላይ የምትገኘው ጨንቻ በዶርዜ ሸማኔዎች የእጅ ሥራ በመላ ሀገሪቱ ትታወቃለች። ሸማ በባህላዊው አሠራር የሚለካው በክንድ ነው። የሁለት ሰዎች ክንድ እኩል ባለመሆኑ በገዢና በሻጭ መካከል ልዩነት ሲፈጠር የሚዳኘው ሁለቱም የሚስማሙበት ሦስተኛ መለኪያ፣ ማለትም ሜትር ይሆናል።

ነገር ግን ሜትሩ ራሱ፣ ሸማውና የለካውም ሰው ክንድ አንድ ሌሊት በእኩል መጠን ቢያጥሩ ማንም ሰው ለውጡን ሊያውቅ አይችልም። ትናንት አምስት ክንድ የነበረው ጋቢ ዛሬም አምስት ክንድ ሆኖ ይቆጠራል። ለውጥ ሊታወቅ የሚችለው በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ንጽጽር ሲዛባ ብቻ ነው። በአንድ የሸማ ጥለት ላይ ቀዩ መስመር ከቢጫው ሦስት እጥፍ ሰፊ ከሆነ ይህ "ሦስት" የሚለው ቁጥር በክንድም፣ በስንዝርም፣ በሜትርም ቢለካ አይለወጥም።

የፊዚክስ ተመራማሪዎችም የተፈጥሮ ሕግጋት ይለዋወጡ እንደሆነ ለመፈተሽ የሚመርጡት እንዲህ ያለውን መለኪያ የማይጠይቅ ንጹሕ ቁጥር ነው። ከእነዚህ መካከል ዋነኛው የጀርመኑ የፊዚክስ ሊቅ አርኖልድ ሶመርፌልድ እ.ኤ.አ. በ1916 ያስተዋወቀውና "አልፋ" በሚል መጠሪያ የሚታወቀው የረቂቅ መዋቅር ቋሚ ቁጥር ነው። አልፋ የኤሌክትሮንን ሙል፣ የብርሃንን ፍጥነትና የፕላንክን ቋሚ መጠን በአንድ ላይ አጣምሮ የኤሌክትሮማግኔት ኃይልን ጥንካሬ የሚገልጽ ሲሆን፣ መጠኑ አንድ ለ137.036 ገደማ ነው። ኤሌክትሮን በአቶም ውስጥ የሚያዝበት ጥንካሬ፣ አቶሞች ተጣምረው ውሕድ የሚሠሩበት ሁኔታና ብርሃን ከቁስ አካል ጋር ያለው ግንኙነት በዚህ ቁጥር ይወሰናሉ።

ከዚሁ ጋር የሚጠቀሰው ሌላው ንጹሕ ቁጥር የፕሮቶን ክብደት ከኤሌክትሮን ክብደት ጋር ያለው ንጽጽር ሲሆን መጠኑ 1 ሺህ 836.15 ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በቤተ ሙከራ በከፍተኛ ጥራት ይለኩ እንጂ ለምን ይህን መጠን እንደያዙ የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ እስካሁን አልተገኘም። ምክንያታቸው ያልታወቁ ቁጥሮች በጊዜና በቦታ ሊለዋወጡ አይችሉም ብሎ አስቀድሞ መደምደም ስለማይቻል ጥያቄው በልኬት መልስ ማግኘት ይኖርበታል።

የጥያቄው አነሣስ

ጥያቄውን በስፋት ያስነሣው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ዲራክ ነው። ዲራክ እ.ኤ.አ. በ1937 ባቀረበው ሐሳብ የስበት ኃይል ቋሚ መጠን ከአጽናፈ ዓለሙ ዕድሜ ጋር እየቀነሰ ሊሄድ እንደሚችል አመለከተ። ለዚህ ሐሳብ ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ ጠንካራ ምላሾች አንዱ የመጣው ከኮከብ ነበር። ኤድዋርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1948 እንዳሰላው የስበት ኃይል በጥንት ዘመን ከዛሬው የበረታ ቢሆን ኖሮ ፀሐይ እጅግ ደምቃ በበራች፣ ምድርም ወደ እርሷ በቀረበች ነበር። በዚህም ምክንያት ሕይወት በባሕር ውስጥ መኖሩ በቅሪተ አካል በተረጋገጠበት ዘመን የውቅያኖሶች ውኃ ወደ መፍላት በተቃረበ ነበር። ይህ ስሌት የቅርቧ ኮከብ ፀሐይ ራሷ ለተፈጥሮ ሕግጋት ጽናት ምስክር ልትሆን እንደምትችል አሳይቷል።

ሌላው ታዋቂ ማስረጃ የተገኘው በአፍሪካ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በጋቦን ኦክሎ በተባለ የዩራኒየም ማዕድን ሥፍራ ከሁለት ቢሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በተፈጥሮ የተቀጣጠለ የኑክሌር ማብላያ እንደነበረ ታወቀ። የሶቪየት ኅብረቱ ተመራማሪ አሌክሳንደር ሽሊያክተር እ.ኤ.አ. በ1976 በሥፍራው የቀረውን የሳማሪየም ንጥረ ነገር መጠን መሠረት በማድረግ የኑክሌር ሂደቱ በዚያን ዘመንም ከዛሬው ጋር አንድ ዓይነት እንደነበር አመለከተ። ከዚህ ማስረጃ የተነሡ ስሌቶች አልፋ በሁለት ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን አንድ እጅ በላይ እንዳልተለወጠ ያሳያሉ። ይሁን እንጂ ኦክሎ የሚነግረው ስለ አንድ ሥፍራና ስለ አንድ ዘመን ብቻ በመሆኑ ፍተሻውን ወደ ሩቅ ሥፍራና ወደ ቀደመ ዘመን ለማድረስ የሚያስችለው ብርሃን ነው።

በብርሃን ጥለት ላይ ያሉ ጥቁር ክሮች

የአንድ ኮከብ ብርሃን በስፔክትሮግራፍ መሣሪያ አልፎ ወደ ቀለማቱ ሲበተን ከቀይ እስከ ሐምራዊ በተዘረጋው ቀለም ላይ በሺህዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። ጀርመናዊው የመስተዋት ሥራ ባለሙያ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1814 በፀሐይ ብርሃን ውስጥ እነዚህን መስመሮች በዝርዝር መመዝገብ ጀመረ። ጉስታቭ ኪርክሆፍና ሮበርት ቡንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1859 ጀምሮ ባደረጉት ሥራ እያንዳንዱ መስመር በኮከቡ ከባቢ አየር ውስጥ ያለ የአንድ ንጥረ ነገር አሻራ መሆኑን አረጋገጡ። ሂሊየም የተባለው ጋዝ በምድር ላይ ከመታወቁ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1868 ምልክቱ የተገኘው በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ነበር።

የመስመሮቹ አቀማመጥ የሚወሰነው በአልፋ መጠን ነው። አልፋ በጥቂቱ ቢለወጥ ሁሉም መስመሮች ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ የሁሉም እንቅስቃሴ ግን እኩል አይሆንም። ኤሌክትሮኖቻቸው በፈጣን እንቅስቃሴ ላይ ያሉ ከባድ አቶሞች መስመሮች አብዝተው ሲንቀሳቀሱ፣ የቀላል አቶሞች መስመሮች በቦታቸው ቆመው ይቀራሉ ለማለት ይቻላል። አንዳንዶቹም በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ።

ይህ ልዩነት የፍተሻው ቁልፍ ነው። አንድ ኮከብ ወደ እኛ ሲመጣ ወይም ከእኛ ሲርቅ መስመሮቹ ሁሉ በተመሳሳይ ምጣኔ ይሸጋሸጋሉ። ይህም ሸማኔ ሸማውን ሲወጥረው ጥለቱ ሁሉ በእኩል እንደሚሳብ ማለት ነው። የአልፋ ለውጥ ግን በጥለቱ ውስጥ የአንዱን ክር ከሌላው ያለውን ርቀት ብቻ ለይቶ የሚያዛባ በመሆኑ ከእንቅስቃሴ ውጤት ተለይቶ ሊታወቅ ይችላል። በበርካታ ንጥረ ነገሮች መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት በአንድ ጊዜ የሚያነጻጽረው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1999 በአውስትራሊያ በሚሠሩ ተመራማሪዎች ከቀረበ ወዲህ የልኬቱ ጥራት በእጅጉ ከፍ ብሏል።

ውዝግብ ያስነሣው ውጤት

ዘዴው መጀመሪያ የተሞከረው ኩዌዛር በሚባሉ እጅግ ደማቅ የጋላክሲ እምብርቶች ብርሃን ላይ ነው። የኩዌዛር ብርሃን ወደ ምድር ሲጓዝ ከፊቱ ባሉ የጋዝ ደመናዎች ውስጥ ስለሚያልፍ፣ መስመሮቹ ከ10 ቢሊዮን ዓመታት በፊት የነበረውን የአልፋ መጠን ሳይቀር መዝግበው ይዘዋል። በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ዌብና ባልደረቦቹ በሃዋይ ከሚገኘው የኬክ ቴሌስኮፕ በተገኘ መረጃ እ.ኤ.አ. በ1999ና በ2001 ባሳተሙት ጥናት አልፋ በጥንት ዘመን ከዛሬው ከ100 ሺህ አንድ እጅ በሚጠጋ መጠን ያነሰ እንደነበር የሚያመለክት ውጤት አቀረቡ።

በሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 በቺሊ ከሚገኘው ግዙፍ ቴሌስኮፕ በተገኘ መረጃ የተካሄደ ጥናት ለውጥ አለመኖሩን ገለጸ። የዌብ ቡድን በበኩሉ ሁለቱን ቴሌስኮፖች አጣምሮ 300 ገደማ ልኬቶችን በመመርመር እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት አልፋ በአንዱ የሰማይ አቅጣጫ የሚያንስ፣ በተቃራኒው የሚበልጥ እንደሚመስል አስታወቀ። ውጤቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ የተፈጥሮ ሕግጋት በሁሉም ሥፍራ አንድ ናቸው የሚለውና የዘመናዊ ፊዚክስ ምሰሶ የሆነው እምነት በወደቀ ነበር።

ጉዳዩ ዕልባት ያገኘው መሣሪያዎቹ ራሳቸው ሲመረመሩ ነው። የቴሌስኮፖቹ ስፔክትሮግራፎች የሚስተካከሉት ቶሪየምና አርጎን ከያዘ መብራት በሚወጣ ብርሃን ነው። የመብራቱ ብርሃንና ከሰማይ የሚመጣው ብርሃን ግን በመሣሪያው ውስጥ ፍጹም አንድ በሆነ መንገድ አያልፉም። ጆናታን ዊትሞርና ማይክል መርፊ ከአስትሮይዶች የሚንጸባረቀውን የፀሐይ ብርሃንና የፀሐይ መንትያ የሆኑ ከዋክብትን ብርሃን ለንጽጽር ተጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት በሁለቱም ቴሌስኮፖች ላይ ከቀለም ቀለም የሚለያይ የልኬት መዛባት መኖሩን አረጋገጡ። መዛባቱ የአልፋን ለውጥ ሊመስል የሚችል በመሆኑ ቀደም ሲል የቀረበውን ማስረጃ በእጅጉ አዳክሞታል። መርፊ የዌብ ቡድን አባል ሆኖ የለውጡን ምልክት ካቀረቡት ተመራማሪዎች አንዱ እንደነበር ማስታወስ ያሻል።

ከዚያ በኋላ ኤስፕሬሶ በተባለ አዲስና የተረጋጋ ስፔክትሮግራፍ በአንድ ደማቅ ኩዌዛር ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ልኬት ከሚሊዮን አንድ እጅ በሚሆን የጥራት ደረጃ ለውጥ አለመታየቱን አመልክቷል።

17ቱ የፀሐይ መንትዮች

ኩዌዛሮች ስለ ሩቅ ዘመን ይናገራሉ እንጂ በራሳችን ጋላክሲ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ስላለው ሁኔታ አያስረዱም። ከዋክብትን በቀጥታ መጠቀምም ቀላል አልነበረም። በኮከብ ከባቢ አየር ውስጥ የጋለ ጋዝ ወደ ላይ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው ይወርዳል፤ ሙቀቱና የስበቱ መጠንም ከኮከብ ኮከብ ይለያያል። እነዚህ ሁሉ መስመሮቹን ስለሚያንቀሳቅሱ የአልፋ ለውጥ ቢኖር እንኳ ተለይቶ ሊታወቅ አይችልም ነበር።

በአውስትራሊያ የስዊንበርን ዩኒቨርሲቲው ማይክል መርፊ፣ ዳንኤል ቤርኬና ባልደረቦቻቸው መፍትሔውን ያገኙት መንትያን ከመንትያ ጋር በማነጻጸር ነው። የላይኛው አካላቸው ሙቀት፣ የስበታቸው መጠንና የንጥረ ነገር ይዘታቸው ከፀሐይ ጋር ተቀራራቢ የሆኑ ከዋክብት ተመረጡ። መንትዮቹ አንድ ዓይነት ከባቢ አየር ስላላቸው የጋዙ እንቅስቃሴ የሚፈጥረው መዛባት በሁሉም ላይ አንድ ይሆናል፤ አንዱ ከሌላው ሲነጻጸርም ይጣፋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ልዩነት ካለ የአልፋ ልዩነት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ተመራማሪዎቹ ለዚሁ ተግባር አዲስ ቴሌስኮፕ አላሠሩም። በቺሊ ላ ሲያ በሚገኘውና የ3.6 ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ላይ የተገጠመው ሃርፕስ የተባለ ስፔክትሮግራፍ በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶችን ሲፈልግ በነበረባቸው ዓመታት ያከማቸውን የማኅደር መረጃ ተጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከምድር በ160 የብርሃን ዓመታት ገደማ ርቀት ውስጥ ባሉት 17 ከዋክብት መካከል የአልፋ ልዩነት ከቢሊዮን 50 እጅ አይበልጥም። የ17ቱ ውጤት በአንድነት ሲታይ ደግሞ ጥራቱ ከቢሊዮን 12 እጅ ደርሷል።

የቁጥሩን መጠን ለመረዳት 500 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን መንገድ በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ተገኘ የተባለው ለውጥ በዚህ መንገድ ላይ የአምስት ሜትር ስሕተት ሲሆን፣ የመንትዮቹ ጥናት ያስቀመጠው ጣሪያ ግን ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው።

ቀጣዩ ሥራ መንትዮችን በሩቅ መፈለግ ነው። ጨለማ ቁስ እየተባለ የሚጠራውና እስካሁን ምንነቱ ያልታወቀው የጋላክሲ ይዘት ወደ ፍኖተ ሐሊብ እምብርት በተቃረበ ቁጥር እየበዛ እንደሚሄድ ይታመናል። አልፋ ከጨለማ ቁስ ጋር ግንኙነት ካለው ልዩነቱ ሊታይ የሚችለው በዚያ አቅጣጫ በመሆኑ ከሺህዎች የብርሃን ዓመታት ርቀት ላይ የሚገኙ የፀሐይ መንትዮችን የመለየት ሥራ ተጀምሯል።

ሌሎች ከዋክብት የሰጡት ምስክርነት

ከመንትዮቹ በተጨማሪ የስበት ኃይል በበረታበት ሥፍራ ያሉ ከዋክብትም ተፈትሸዋል። ነጭ ድንክ በሚባሉ፣ ነዳጃቸውን ጨርሰው በተኮማተሩ ከዋክብት ላይ ስበቱ ከምድር በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ሃብል በተባለው የኅዋ ቴሌስኮፕ መረጃ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በአንድ ነጭ ድንክ ላይ የብረትና የኒኬል መስመሮችን መርምሯል። በዚህ ሥራ እንቅፋት የሆነው የቴሌስኮፑ አቅም ሳይሆን፣ በምድር ቤተ ሙከራ የተለኩት የብረትና የኒኬል መስመሮች አቀማመጥ በቂ ጥራት የሌላቸው መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በፍኖተ ሐሊብ እምብርት በሚገኘው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አቅራቢያ በሚዞሩ አምስት ከዋክብት ላይ የተደረገ ፍተሻ አልፋ ከ100 ሺህ አንድ እጅ በሚደርስ ጥራት ለውጥ እንደሌለው አሳይቷል።

ዲራክ ያነሣው የስበት ቋሚ መጠንም እንዲሁ በከዋክብት ተለክቷል። የ11 ቢሊዮን ዓመታት ዕድሜ ያለውን አንድ ኮከብ የውስጥ ንዝረት ኬፕለር በተባለው የኅዋ ቴሌስኮፕ መረጃ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ስበት በዓመት ሊለወጥ የሚችለው ከትሪሊዮን በጥቂት እጆች ብቻ እንደሆነ አመልክቷል። ፐልሳር የሚባሉት በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከሩ ከዋክብት የሚልኩት የሬዲዮ ሞገድ ምትም ከዚህ ጋር የሚስማማ ውጤት ሰጥቷል።

በቤተ ሙከራ ደረጃ የተለያዩ የአቶሚክ ሰዓቶችን እርስ በርስ ማነጻጸር አልፋ ዛሬ በመለወጥ ላይ እንደሆነና እንዳልሆነ ለማወቅ ይረዳል። በጀርመን ብሔራዊ የሥነ ልክ ተቋም በኢተርቢየም አቶም ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ልኬት በአንድ ዓመት ውስጥ ሊኖር የሚችለው ለውጥ ከቢሊዮን ቢሊዮን ከጥቂት እጅ እንደማይበልጥ አረጋግጧል። ይሁን እንጂ ሰዓቶቹ ያሉት በምድር ላይ ነው። ስለ ሌላው ሥፍራ የሚመሰክሩት ከዋክብት ብቻ በመሆናቸው ሁለቱ ዘዴዎች ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ኢትዮጵያና የከዋክብት ልኬት

ከዋክብትን ለልኬት መጠቀም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የቦረና ኦሮሞ አያንቱዎች ጨረቃ ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር የምትታይበትን ሁኔታ በመከታተል ወራትንና ቀናትን እንደሚቆጥሩ በጥናት ተመዝግቧል። በኦሞ ሸለቆ የሚኖሩት ሙርሲዎችም የደቡብ መስቀልና የአጎራባቾቹ ከዋክብት በምሽት ከሰማይ መጥለቅ ከኦሞ ወንዝ ሙላት ጋር እንዴት እንደሚገጣጠም በመከታተል የእርሻ ጊዜያቸውን እንደሚለዩ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ጥናት አስረድቷል።

በዘመናዊው ዘርፍ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመሥርቷል። በእንጦጦ ተራራ ላይ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሥፍራ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከጂኦስፓሻል ዘርፍ ጋር ተዋሕዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆኗል። የመጀመሪያዋ የሀገሪቱ ሳተላይት ኢትአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ወደ ኅዋ መጥቃለች። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መጀመሪያ ገደማ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ንቁ የጋላክሲ እምብርቶችን የሚመለከት ጉባኤውን በአዲስ አበባ ማካሄዱም ይታወሳል።

ይኸው ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ2019 ለየሀገሩ በሰጠው የስያሜ ዕድል ኢትዮጵያ በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ የሚገኝን አንድ ኮከብ "ቡና"፣ በዙሪያው የሚዞረውን ፕላኔት ደግሞ "አቦል" ብላ ሰይማለች። ቡና ከምድር 200 የብርሃን ዓመታት ገደማ የሚርቅ፣ ከፀሐይ ጋር አንድ ዓይነት መደብ ያለው ኮከብ ነው። ነገር ግን ከፀሐይ የሚገዝፍና በዕድገት ደረጃው የገፋ በመሆኑ መንትያ ተብሎ ለአልፋ ፍተሻ የሚመረጥ አይደለም። ይህም ለልኬቱ የሚጠየቀው መመሳሰል ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ያሳያል።

በአንጻሩ በዓቅራብ ኅብረ ኮከብ ውስጥ በ18 ቁጥር የተመዘገበው ኮከብ ከታወቁት የፀሐይ መንትዮች አንዱ ነው። ርቀቱ 46 የብርሃን ዓመታት ገደማ ሲሆን፣ ጨለማ በሆነ ሥፍራ ያለ መሣሪያ በዓይን ሊታይ ይችላል። ጨንቻ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኑ ይህ ኮከብ በየካቲት ወር ከንጋት በፊት ከአናት 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ያልፋል።

ይህ አቀማመጥ ሳይንሳዊ ጠቀሜታ አለው። በአልፋ ላይ ለተነሣው ውዝግብ አንዱ ምክንያት የሰሜኑ ሰማይ በሃዋይ፣ የደቡቡ ደግሞ በቺሊ በተለያዩ መሣሪያዎች መለካታቸው ነበር። ለምድር ወገብ በቀረበ ሥፍራ ያለ አንድ መሣሪያ ግን የሁለቱንም አቅጣጫ አብዛኛውን ክፍል ለማየት ይችላል። ኢትዮጵያ ከፍታማ ተራሮችንና ይህን ኬክሮስ አጣምራ የያዘች ሀገር ናት። በላሊበላ አካባቢ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ተራሮች ለትልቅ ቴሌስኮፕ ተስማሚነታቸው ሲጠና የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍታ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ጨንቻ ዝናብና ጉም የሚበዛባት በመሆኗ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ አትመረጥም። እንጦጦ ደግሞ ከአዲስ አበባ መስፋፋት ጋር የሚጨምረው የከተማ መብራት ይፈታተነዋል። በመሆኑም የጠራ ሌሊት ብዛት፣ የአየሩ መረጋጋትና የጨለማው ጥራት በዓመታት ልኬት መረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ለዚሁ የተመረጠ ሥፍራ ደግሞ ከመንገድ መብራትና ከግንባታ ፈቃድ አሰጣጥ ጋር በተያያዘ ከወዲሁ ጥበቃ ካልተደረገለት በኋላ ሊመለስ አይችልም።

ለመንግሥት ሥራ ያለው ትርጉም

ጉዳዩ ከዕለት ተዕለት አስተዳደር የራቀ ቢመስልም የመለኪያዎችን ሁሉ መሠረት የሚነካ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ ኪሎ ግራም የሚታወቀው በፓሪስ አቅራቢያ በተቀመጠ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ቅይጥ ነበር። ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ በተደረገ ማመሳከር ይህ ቅይጥና ቅጂዎቹ እስከ 50 ማይክሮ ግራም በሚደርስ መጠን ተለያይተው ተገኙ። በዚህም ምክንያት ከግንቦት 20 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኪሎ ግራም በፕላንክ ቋሚ መጠን እንዲተረጎም ተወስኗል። ሜትር አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1983 በብርሃን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 299 ሚሊዮን 792 ሺህ 458 ሜትር፣ ተተርጉሟል። ሰከንድም የሚለካው በሲዚየም አቶም የ9 ቢሊዮን 192 ሚሊዮን 631 ሺህ 770 ጊዜ ንዝረት ነው።

ስለዚህ ሀገራት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ በሥነ ልክ ተቋሞቻቸው የሚያረጋግጧቸው ሚዛኖችና መለኪያዎች ሁሉ የመጨረሻ ዋቢያቸው የተፈጥሮ ቋሚ ቁጥሮች ናቸው። ዋቢው ይለዋወጥ ቢሆን ኖሮ በተለያዩ አቶሞች የሚሠሩ ሰዓቶች ከጊዜ በኋላ ባልተስማሙ ነበር። ከዋክብቱ ያስቀመጡት ጣሪያ ግን እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ በገበያ ሚዛንም ሆነ በመሬት ልኬት ላይ የሚያሳድረው አንዳች ተጽዕኖ የለም።

ከሃያ ዓመታቱ ውዝግብ የሚገኘው ሌላው ትምህርት መለኪያን ስለ መፈተሽ ነው። የተፈጥሮ ለውጥ የመሰለው ውጤት በአብዛኛው የመሣሪያ መዛባት ሆኖ የተገኘው፣ መሣሪያው በሚታወቅ ነገር፣ ማለትም በፀሐይ ብርሃን፣ በድጋሚ በመመርመሩ ነው። ሥራው የተሠራውም ውጤቱን አስቀድመው ካቀረቡት ተመራማሪዎች በአንዱ ተሳትፎ መሆኑ የራስን ልኬት የመጠራጠርን ጠቀሜታ ያሳያል።

የ17ቱ መንትዮች ጥናት በማኅደር በተቀመጠ መረጃ መሠራቱም ለታዳጊ ሀገራት መልካም አጋጣሚ ነው። የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ የሃርፕስን መረጃ ለማንኛውም ተመራማሪ በኢንተርኔት ክፍት አድርጓል። በመሆኑም በአርባ ምንጭም ሆነ በሌሎች የሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የፊዚክስ መምህራንና ተማሪዎች ትልቅ ቴሌስኮፕ እስኪገነባ ሳይጠብቁ በዘርፉ ሊሳተፉ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው አስተማማኝ የኢንተርኔት አገልግሎት፣ የስሌት መሣሪያና በመረጃ ትንተና የሠለጠነ የሰው ኃይል ነው።